ጅማ ላይ ምን ይቀራል?

ጅማ ውስጥ ስለ ልማት ወሬ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ መንገድ ይነሳል። ባለሥልጣን መጥቶ ሕዝብ ሲያወያይ መጀመሪያ የሚጠየቀው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ “መንገዱ እንዴት ነበር?” ይባላል። ወሊሶን፣ ወልቂጤን፣ የጊቤን ቁልቁለት፣ ሳጃን፣ ሶኮሩን፣ አሰንዳቦን፣ ሰርቦን እንደ ዘር ሐረግ በተርታ የማይጠራ የጅማ ልጅ የለም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ሲበላሽ ከተማው በሙሉ ያማርራል። ሲጠገን ከተማው በሙሉ ደስ ይለዋል።

ደስታውን እጋራለሁ። ዓመታት በሄዱ ቁጥር ግን ሌላ ጥያቄ እየከነከነኝ መጥቷል። ይህ ሁሉ መንገድ ተሠርቶ፣ ይህ ሁሉ መኪና ወጥቶ ወርዶ፣ ጅማ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? ቡናው ያልፋል። ገንዘቡ ያልፋል። የተማሩ ልጆቻችንም ያልፋሉ። አንድ ከተማ እንዲህ ያለ ሀብት በደጁ እያለፈ ለምን እንደሚዘገይ ለመረዳት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ብዙ ሰውም ጠይቄያለሁ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ከድሮው ልጀምር። የዛሬው ከተማ ያረፈው ሂርማታ ላይ ነው። ሂርማታ ገበያ ነበር። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከ1870ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ፣ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስሙ የገነነ ነበር። ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ የሚመጣው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ከጊቤ ማዶ፣ ከሸዋና ከጎጃም የመጣ ሲራራ ነጋዴም እዚሁ ያራግፋል። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር። የዚያን ዘመን ብልጽግና የሚያወድስ ሰው ይህን እንዲዘለው አልፈልግም። ከሀብቱ ከፊሉ የመጣው ከዚያ ነው።

አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ለረጅም ጊዜ አቆይተዋል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ቆሟል፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምንወስደው እዚያ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነጋዴውን የያዙበት ዘዴ ነው። ነጋዴ በሰላም ይገባል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ከፈለገም ይሰፍራል። ስለዚህ ዕቃው ሲያልፍ እዚህ አንድ ነገር ጥሎ ያልፍ ነበር። ስንቅ ይገዛል። በቅሎ ይለወጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋ የሚቆረጠው እዚሁ ነው። ሂርማታ የመንገዶች መገናኛ ነበረች።

ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ጅማን ካቋቋማቸው ግዛቶች የአንዱ መቀመጫ አደረጋት። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የመኪና መንገድም ሠራ። ከነጻነት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ዋና ዋናዎቹን መንገዶች መጠገንና ማስፋፋት ጀመረ። የአገሪቱ የመንገድ ካርታ መልኩን የያዘው በነዚያ ዓመታት ነው። መሐሉ ላይ አዲስ አበባ አለች። ከእሷ ወደ ደሴ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ነቀምት፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሐረር መንገዶች ይወጣሉ። ከተሞቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ግን ቀጭን ነው፣ ወይም የለም። ከጅማ በቀጥታ ነቀምት ወይም ሶዶ መሄድ ለረጅም ጊዜ ፈተና ነበር። ብዙ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ መዞርን ይመርጥ ነበር። በዚህ ካርታ ላይ ጅማ የመንገድ ጫፍ ሆነች።

የሆነውን ለማየት የሕዝብ ቆጠራውን መመልከት ይበቃል። በ1987ቱ ቆጠራ ጅማ 88,867 ነዋሪ ነበራት። ሐዋሳ 69,169፣ ባሕር ዳር ደግሞ 96,140 ነበሩ። በ1999ኙ ቆጠራ ጅማ 120,960 ደረሰች። ሐዋሳ 157,139፣ ባሕር ዳር 155,428 ሆኑ። ጅማ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ስታድግ፣ ከኋላዋ የነበረችው ሐዋሳ ከእጥፍ በላይ አድጋ አልፋት ሄደች። በዚሁ ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ነበራት። ከጅማ 22 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሁለተኛዋ ከተማ ድሬዳዋ እንኳ 233,224 ብቻ ነበረች።

ሐዋሳና ባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ አስፋልት ነበራቸው። ጅማም ነበራት። ለልዩነቱ ከመንገዱ ይልቅ ቢሮው የበለጠ ይነግረኛል። ሁለቱ የክልል ዋና ከተማ ሆኑ። የክልል ምክር ቤት፣ የቢሮ ኃላፊዎች፣ የበጀት ውሳኔ፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ የሆቴል አልጋ፣ የግንባታ ጨረታ አብሮ መጣ። ጅማ በተቃራኒው የካፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማነቷን አጣች። ካፋ ወደ ደቡብ ክልል ሄደ፣ ጅማ በኦሮሚያ የዞን ከተማ ሆነች። ትናንት ከቦንጋና ከሚዛን ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ እኛ ይመጣ የነበረ ሰው በሌላ አቅጣጫ ተጓዘ። ይህን የምለው የአስተዳደር ድንበር ይቀየር ለማለት አይደለም። ሕዝቦች ራሳቸውን በራሳቸው ማስተዳደራቸው መብታቸው ነው። ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ሲነሳ ግን ኢኮኖሚም አብሮ እንደሚነሳ ማወቅ አለብን።

ሰውና ካፒታል አንድ ከተማ ላይ መሰባሰቡ በራሱ መጥፎ ነው ብዬ አላምንም። አዲስ አበባ ያለ ልብስ ስፌት ድርጅት ማሽኑ ሲበላሽ መለዋወጫውን በግማሽ ቀን ውስጥ ያገኛል። ሒሳብ ሠራተኛ ሲለቅበት ሌላ ይቀጥራል። ሥራ የለቀቀውም ሰው ሁለት ፌርማታ ሳይርቅ ሌላ ሥራ ያፈላልጋል። ባለሙያ ከባለሙያ ይማራል። ኢኮኖሚስቶች ከተማ ሀብት ይፈጥራል ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው፣ እውነታቸውንም ነው። አገር ያለ ትልቅ ከተማ አያድግም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ፖል ክሩግማን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ይህንኑ ያብራራል። መጓጓዣ ውድ ሲሆን ርቀት ራሱ አጥር ነው። ጅማ ያለ ሳሙና ሠሪ፣ አናጺ፣ ጫማ ሰፊ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተፎካካሪ የለበትም። መጓጓዣ ሲረክስ አጥሩ ይወርዳል። ያኔ በትልቁ ከተማ በብዛት፣ ስለዚህም በርካሽ የሚመረተው ዕቃ በአንድ ሌሊት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይደርሳል። ፋብሪካ ለመክፈት የሚያስብ ሰውም ገበያው ሰፊ ወደሆነበት ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ከዚያ ሆኖ ለጅማም መሸጥ ይችላል። ትልቁ ከተማ ራሱ በኪራይና በመጨናነቅ ሲወደድ ደግሞ ኢንቨስትመንቱ ወደ ውጭ መፍሰስ ይጀምራል። ቅድሚያ የሚያገኙት ግን በአቅራቢያው ያሉት ናቸው። ዱከምን፣ ሞጆን፣ አዳማን ተመልከቱ። የፍጥነት መንገዱ አዳማ ነው። የጅቡቲው ባቡርም በዚያው ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ መንገድ በራሱ ማንን እንደሚጠቅም አስቀድሞ አይታወቅም። ጫፉ ላይ ያለው ከተማ የራሱ የሆነ፣ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይሠራ ነገር ካለው መንገዱ ያንን ያሰፋለታል። ከሌለው ያለውንም ይወስድበታል። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ሰፈራችን ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤቶችን ጎራ ብላችሁ እዩ። ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ የጅማ በርጩማ የማያውቅ የለም። ዛሬ ግን ብዙ ቤት የሚገባው ሶፋና ቁም ሳጥን በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው።

የጅማ የራሷ ነገር ምንድን ነው ከተባለ መልሱ ቡና ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ቡና ሁለት ዕድሜ አለው። ከዛፉ ሲለቀም እሸት ነው፣ ቀይ፣ ውሃ የሞላው። እሸት ቡና በታጠበ መልክ ሊዘጋጅ ከሆነ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ መቡካት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜው ዋጋው የሚለካው በሰዓት ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቀሽሮ (ገለባው ተወልቆ) ጆንያ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በደህና መጋዘን ወራት ይቆያል። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሞጆ፣ ከሞጆ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ሳምንታት ተጉዞ ሐምቡርግ ወይም ጃፓን ይደርሳል።

አሁን አስቡት። ከጅማ አዲስ አበባ ያለው ጉዞ በሁለት ሰዓት ቢያጥር፣ ሳምንታት በባሕር ላይ ለሚያሳልፍ ቡና ምን ይለውጥለታል? የነዳጅና የጎማ ወጪ ይቀንሳል፣ ጥሩ ነው። ከጌራ ወይም ከጎማ ወረዳ አንድ ቀበሌ እስከ ማጠቢያ ጣቢያው ያለው መንገድ በሁለት ሰዓት ቢያጥርስ? እሱ ጥራቱን ይለውጣል። ጥራቱ ዋጋውን ይለውጣል። ዋጋው ሲለወጥ ትርፉ የሚደርሰው ገበሬው ጋ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ገና ጭቃው ሳይደርቅ፣ እሸት ቡና በአህያና በሰው ትከሻ ተሸክሞ የሚሄድ ገበሬ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሒሳብ አያስፈልገውም።

ይህ ምኞት አይደለም፣ ሆኖ ታይቷል። ለብዙ ዓመታት የዚህ አካባቢ ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው “ጅማ 5” በሚለው ደረጃ ነበር። ሳይታጠብ ከነገለባው ደርቆ የሚሸጥ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ቡና ነው። ሌላው ቀርቶ ቡናውን የሚያውቁ ሰዎች ከዚህ አካባቢ ጥሩ ነገር አይጠብቁም ነበር። ከዚያ ወደ 2002 ዓ.ም. አካባቢ በአጋሮ ዙሪያ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ትንንሽ ማጠቢያ ጣቢያዎች አቋቋሙ። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ሥልጠናና የቴክኒክ ድጋፍ ሰጠ። ባንክ ብድር አቀረበ። ብዙ ሳይቆይ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ዱሮሚና የተባለው የአጋሮ ማኅበር ቡና በምሥራቅ አፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው ነው። አፈሩ ያው ነው። ገበሬውም ያው ነው። የተጨመረው መፈልፈያ ማሽን፣ ንጹሕ ውሃ፣ ማድረቂያ አልጋ፣ በወቅቱ የደረሰ ብድርና ያወቀ ሰው ነው። ከአንድ አውራ ጎዳና ወጪ ጋር ስታነጻጽሩት ትንሽ ገንዘብ ነው። ስለ መሠረተ ልማት በተነሳ ቁጥር ይህ ታሪክ ለምን እንደማይነገር ይገርመኛል።

ሌላው የሚረሳ መሠረተ ልማት ተቋም ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቡና ደረጃ የሚወጣለትና በጨረታ የሚሸጠው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነበር። የጅማ አቅራቢ ቡናውን ጭኖ ሄዶ፣ እዚያ አድሮ፣ ስንተኛ ደረጃ እንዳገኘ እዚያ ይሰማል። ካልተስማማው መልሶ መጫን የማይታሰብ ነው። ምርት ገበያው መጋዘንና የደረጃ ማውጫ ቅምሻ ወደ አምራች አካባቢዎች ሲያመጣ ጅማም አንዷ ሆነች። ሰው ስለ ምርት ገበያው የተለያየ አስተያየት አለው፤ እኔም አለኝ። የቡናውን መነሻ ደባልቆ ስም አልባ ያደርገዋል የሚለው ወቀሳ ተገቢ ነበር። ደረጃው እዚህ መሰጠቱ ግን ለአቅራቢው ትልቅ እፎይታ ነበር። ቆይቶ የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ወጣና አምራችና አቅራቢ በቀጥታ ወደ ላኪነት የሚሻገሩበት በር ተከፈተ። አንድም ኪሎ ሜትር አስፋልት ሳይነጠፍ፣ በወረቀት ላይ በተወሰነ ውሳኔ ብቻ፣ ከገንዘቡ የተወሰነው እዚህ የመቅረት ዕድል አገኘ።

በሩ ተከፈተ እንጂ ሁሉም አልገባም። ለኤክስፖርት የሚሆነው የመጨረሻ ቀሸራና ለቀማ፣ ኮንቴይነር መሙላቱ፣ የባንክ ሰነዱ በአብዛኛው ዛሬም አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። በዚያ መጋዘኖች ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ እናቶችና እህቶች ቁጭ ብለው ቡና ይለቅማሉ። ሥራው ከባድ ነው፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። ቢሆንም ሥራ ነው፤ ቡናው ግን የእኛ ነው። አንድ የማውቀው የአጋሮ ሰው መፈልፈያ ለመትከል ብድር ጠይቆ ነበር። ቅርንጫፉ ሰነዱን በደንብ አሟልቶ ተቀበለው። ውሳኔው ግን የሚሰጠው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። መልሱ ሲመጣ ለቀማው አልፏል። የባንኩን ስም ማንሳት አልፈልግም፤ የአንድ ባንክ ጉዳይም አይደለም። ቡና ምን እንደሆነ፣ ጥቅምት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ የመወሰን ሥልጣን ከሌለው፣ በየመንገዱ የተከፈተው ቅርንጫፍ ገንዘብ የሚሰበስብ እንጂ የሚያበድር አይሆንም።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ኢንቨስትመንቶች ልምጣ። ጅማ ዝም ተብላ የተተወች ከተማ አይደለችም።

በ2011 ዓ.ም. የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ወጪው 61 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተነግሯል። ያን ቀን ከተማው የነበረውን ስሜት አስታውሳለሁ። ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ ተብሎ ነበር። ሼዶቹን መሙላት ግን ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ። ምክንያቱን ማሰብ አይከብድም። ጨርቅና ክር ከውጭ የሚያስመጣ ፋብሪካ ዕቃውን ጅቡቲ ያወርዳል፣ ሞጆ ያደርሳል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጅማ ያንን ሁሉ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ሠርቶ ሲጨርስ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። አዳማ ያለው ፓርክ ይህ ሁሉ የለበትም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓለም አቀፉ ወረርሽኝ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል አስወጣች። በሩቅ ግብአት ላይ የቆመ ነገር በሩቅ ውሳኔ ይናጋል። ፓርኩ ለግብርና ምርት ማቀነባበሪያም ታስቦ ነበር። ትኩረቱ ከመጀመሪያውም እዚያ ላይ፣ ማር፣ አቮካዶ፣ ቅመማ ቅመምና ቡና ላይ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የተለየ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዩኒቨርሲቲውን ደግሞ ተመልከቱት። ሥሩ በ1945 ዓ.ም. ከተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ይነሳል። በ1970ዎቹ የጤና ሳይንስ ተቋም ተጨመረ። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ይህ ተቋም ለከተማዋ ያደረገውን ማንም ባለሀብት አላደረገም። ደመወዙ እዚህ ይከፈላል፣ እዚህ ይበላል። ከየክልሉ የሚመጣው ተማሪ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ሽሮ ይበላል። መምህሩ ቤት ይከራያል፣ ቆይቶም ይሠራል። 800 ያህል አልጋ ያለው ሆስፒታሉ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከመቱ፣ ከጋምቤላ ሳይቀር ታካሚ ይቀበላል። ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር አስታማሚ አለ፤ አልጋ ይይዛል፣ ምግብ ይገዛል። ሕመም ባይኖር በተሻለ። ነገር ግን ከተማዋ የድሮውን የመገናኛነት ቦታዋን በከፊል መልሳ ያገኘችው በሆስፒታሉ በኩል ነው። የክልል ድንበር ያቋረጠውን ግንኙነት ሐኪሞቹ ቀጥለውታል።

መልኮ ያለውን የእርሻ ምርምር ማዕከልም ልጨምር። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ የቡናው ህልውና አሳሳቢ ነበር። ተመራማሪዎቹ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከየጫካው መርጠው አወጡ። 74110 እና 74112 ይባላሉ፤ 74ቱ የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በውድ የሚሸጥ የጉጂ ወይም የጌዴኦ ቡና ስትገዙ ብዙ ጊዜ እሽጉ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የጅማ ምርምር ሌላ ዞን ያለ ገበሬን ጠቀመ ማለት ነው። በዚህ እኮራለሁ። አንድ ብር በአስፋልት ላይና አንድ ብር በመልኮ ላይ ቢወጣ የትኛው ብዙ እንደሚያፈራ የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

መብራትስ? ግልገል ጊቤ አንድ የተገነባው በጅማ ዞን መሬት ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ለሐይቁ ቦታ ለመልቀቅ ከሶኮሩ፣ ከኦሞ ናዳ፣ ከቀርሳ፣ ከጢሮ አፈታ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ተነስቷል። ከዚያ 420 ሜጋ ዋት ያለው ጊቤ ሁለት፣ ቀጥሎም በ2009 ዓ.ም. 1,870 ሜጋ ዋት ያለው ጊቤ ሦስት መጡ። ኃይሉ ወደ አገር አቀፉ መስመር ይገባል። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው፤ የአገር ሀብት ነው። ሐይቁን እያየ የሚኖር ገበሬ ቤቱ ጨለማ ሲሆን ግን ልቤ ይቆስላል። ለቀማ ሰሞን መብራት ሲጠፋ መቀሸሪያው ይቆማል፣ ጄኔሬተር ያለው ናፍጣ ያቃጥላል፣ የሌለው ይጠብቃል። ትልቁን ግድብ የሠራ አገር ከሰብስቴሽን እስከ ቀበሌ ያለችውን አጭር መስመር ማስተካከል አያቅተውም። አጭሯ መስመር ሪባን የሚቆረጥላት ስላልሆነች ትዘገያለች።

ከጅማ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ጎጀብ ወንዝ አለ። ወንዙን ስትሻገሩ ክልል ተሻገራችሁ ማለት ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ይህ ክልል ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለው። ሁሉንም ቢሮ አንድ ከተማ ላይ አላከማቸም፤ በቦንጋ፣ በታርጫ፣ በሚዛን አማን እና በቴፒ አከፋፈለው። ወጪና ድካም ይኖረዋል። ሆኖም አዲስ አበባ አገሪቱ ላይ፣ ሐዋሳ የቀድሞው ደቡብ ላይ የሆኑትን ያየ ሕዝብ ይህን መምረጡ ይገባኛል። የሚያሳስበኝ ጎጀብ ላይ የሚቆመው ዕቅድ ነው። የኦሮሚያ በጀት ወንዙ ጋ ያበቃል፤ የማዶው ክልል በጀትም ወንዙ ጋ ያበቃል። ቡናው፣ ማሩ፣ ታማሚውና ነጋዴው ግን በየቀኑ ወንዙን ይሻገራሉ። ከጅማ ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ በጭዳ አድርጎ ወደ ሶዶ፣ በአጋሮና በበደሌ ወደ መቱና ጋምቤላ ያሉት መንገዶች ለእኔ ከአዲስ አበባው መንገድ ይበልጣሉ። የድሮው ሂርማታ የቆመው በነዚህ ላይ ነበር።

ሰሞኑን ከተማችን በኮሪደር ልማት እየተቆፈረች፣ እየተነጠፈች ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር ንጹሕ ሆኖ ማየት ደስ ይላል፤ ልጆች የሚሮጡበት ቦታ አገኙ። ከተማ ማማር አለባት። ቤታቸውና ሱቃቸው የተነሳባቸው ሰዎች በአግባቡ መካሳቸው ላይ ግን ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ የለብንም። ደግሞም የእግረኛ መንገዱ ብቻውን ገቢ አያመጣም። በላዩ የሚሄደው ሰው ሥራ ያስፈልገዋል።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ከዩኒቨርሲቲው ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ጓደኞቹ አዲስ አበባ ሲገቡ እሱ እዚህ ቀርቶ የብረታ ብረት ጋራዥ ከፈተ። የቡና መፈልፈያ ይጠግናል፣ መለዋወጫውን ራሱ በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫ ማሽኑ፣ ያወጣል። ለቀማ ሲደርስ ስልኩ አያርፍም። ማሽኑ ማታ ከቆመ እሸቱ እስከ ንጋት ስለማይጠብቅ በሌሊትም ይጠሩታል። ሁለት ልጆች ቀጥሮ ሙያውን እያስተማረ ነው። ምን ቢደረግልህ ትወዳለህ ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ አላሰበም። በክረምት ማግሥት ሞተር የሚያስገባ የጌራ የገጠር መንገድ፣ ለቀማ ሰሞን የማይቆራረጥ መብራት፣ ሁለተኛ ቶርኖ የሚገዛበት ብድር ጅማ ላይ የሚወስንለት ሰው። ስለ አዲስ አበባው መንገድ አላነሳም።

የሚቀጥለው በጀት ሲታወጅ እኔም የማየው እነዚህን ሦስቱን ነው።